መርፌ ልገዛ ገብቼ መንጠቆ ይዤ ወጣሁ

እኔ አሳ አላጠምድም። አጥማጆች ኋላ እንዳትታዘቡኝ ከአሁኑ ልናገር። ወንዝ ዳር ቆሜ፣ ውሃ ላይ ዓይኔን ተክዬ የምውልበት ትዕግሥት የለኝም። እንጀራዬ ልብስ ማስተካከል ነው። ጃፓን፣ ካናዛዋ ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የኪሞኖ ገበር እጠግናለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስለዚህ ይህን ስለ አሳ ማጥመጃ የተጻፈ አስተያየት ስታነቡ፣ የምታነቡት ቀኑን ሙሉ ክርና መርፌ ይዛ የምትውል ሰው የጻፈችውን ነው። አሳውን የሚያውቁት ጎረቤቴ ናቸው። እሳቸው በኋላ ይመጣሉ።

ነገሩ የጀመረው በመርፌ ነው። የሐር ጨርቅ የምሰፋበት መርፌዬ ሥራ መሃል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አሠሪዬ ቀና እንኳ ሳትል "ሜቦሶ ሂጂ" አለችኝ። ሙሉ ስሙ ሜቦሶ ሃቺሮቤይ ሾተን ነው። ያሱኤ-ቾ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከኦሚ-ቾ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ታገኙታላችሁ። ከባቡር ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅባችሁ ነው። ጃንጥላ ያዙ። የካናዛዋ ሰዎች "ምሳህን ብትረሳ ጃንጥላህን አትርሳ" ይላሉ፤ እኔ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ እንደ ተረት እየሰማሁት ስበሰብስ ከረምኩ።

ሱቁ የተከፈተው በፈረንጆቹ 1575 ነው። ቁጥሩን ሳነብ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ከተማዋን ትልቅ ያደረጓት የማኤዳ መሳፍንት ራሳቸው ካናዛዋ የገቡት በ1583 ነው። መርፌ ሻጩ ከገዢዎቹ ስምንት ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ገዢዎቹ የሉም። መርፌ ሻጩ አለ።

ስሙም ወሬ አለው። "ሜ" ዓይን ነው፤ "ቦሶ" ደግሞ ቀጭን። ዓይነ ቀጭን እንበለው። የመጀመሪያው ሃቺሮቤይ የሐር መርፌ ቀዳዳ አልወጣለት እያለ ብዙ ደክሞ፣ በመጨረሻ ክር ሳያስቸግር የሚገባበት መርፌ ሠራ ይባላል። ካናዛዋ ያለችበት የካጋ ግዛት ገዢም ወደዱለትና "ሜቦሶ" የሚለውን ስም ሰጡት። ተራ ሰው የቤተሰብ ስም ይኑረው በማይባልበት ዘመን፣ በመርፌ ቀዳዳ ስም ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

መርፌ የማትይዙ ሰዎች "ቀዳዳ ምን ልዩነት አለው?" ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! ርካሽ መርፌ ላይ የቀዳዳው ጠርዝ ሸካራ ነው። ክሩ በገባ በወጣ ቁጥር ይፋቃል። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ስትወጉ ክሩ ይሳሳል፣ ይጸጉራል፣ ከዚያ ልክ ስፌቱ ሊያልቅ ሲል ይበጠሳል። እናቴ ክሩን ምራቋ ላይ አርሳ፣ በጥርሷ አሹላ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምታስገባው። እኔም እንደዚያው ነኝ። ከዚህ ቤት የገዛሁትን መርፌ ግን መስኮት ዳር ይዤ በመጀመሪያ ሙከራ ክሩ ገባ። እንዳጋጣሚ ነው ብዬ አውጥቼ ደገምኩት። ገባ።

ስትገዙ ቁጥሩ እንዳያምታታችሁ። የጃፓን የእጅ መርፌ ሁለት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ጨርቁን ይነግራችኋል፤ 3 ለጥጥ፣ 4 ለሐር። ሁለተኛው ርዝመቱ ነው። እኔ የምጠቀመው 4-3 የሚባለውን ሲሆን ወደ 39 ሚሊሜትር ይጠጋል። አንድ ፓኬት ከአንድ ሳህን ራመን አይበልጥም። የመርፌው ነገር ይኸው ነው፤ አለቀ።

ልከፍል ስዞር ነው መስታወቱን ያየሁት።

መጀመሪያ የነፍሳት ክምችት መሰለኝ። ያቺ ትምህርት ቤት ውስጥ በስፒል ተሰክታ የምትቀመጥ ዓይነት። በረድፍ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ቀይ፣ አብረቅራቂ አረንጓዴ። አንዷም ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። ጠጋ ስል ከእያንዳንዷ ሆድ ሥር መንጠቆ ወጥቷል። "ኬባሪ ናቸው" አለችኝ ሻጯ። "ኬ" ጸጉር ወይም ላባ ነው። "ሃሪ" ደግሞ መርፌ፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ "ባሪ" ይሆናል። ጃፓኖች ለመስፊያውም ለመንጠቆውም ያላቸው ቃል አንድ ነው፤ ሁለቱም "ሃሪ" ናቸው። መርፌ ሻጭ ቤት ውስጥ አሳ ማጥመጃ ምን ይሠራል ያልኩት ጥያቄ እዚያው ተመለሰልኝ። የኤዶ ዘመን (ከ1603 እስከ 1868) መርፌ ሠሪዎች ብረቷን አጎበጧት፣ ላባ አለበሷት፣ ወንዝ ላኳት።

ሻጯ አጉሊ መነጽር ሰጠችኝ። እንግዲህ ሥራ ቦታ ያረፈድኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አንዷን ላሳያችሁ። አናቷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታህል የወርቅ ኳስ አለች። ዶቃ እንዳይመስላችሁ። ኡሩሺ ከሚሉት ዛፍ የሚወጣውን ሙጫ ጠብ አድርገው፣ ያቺን ጠብታ በስስ ወርቅ ያለብሷታል። ወርቁ የሚመጣው ከሩቅ አይደለም። የጃፓን ስስ ወርቅ ማለት ይቻላል ሁሉም የሚቀጠቀጠው እዚሁ ካናዛዋ ነው፤ ውፍረቱም የአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ገደማ ነው። እስትንፋስ ይወስደዋል። ከኳሷ ቀጥሎ ዙሪያውን የተበተነ ላባ አለ። ይህን "ሚኖ-ጌ" ይሉታል፤ ሚኖ ድሮ ገበሬዎች ለዝናብ የሚደርቡት የሣር ካባ ነው። በእርግጥም ካባ የደረበች ትመስላለች። ከዚያ ወገብ። የጣዎስ ላባ ጭረት፣ አንድ በአንድ፣ ጎን ለጎን ተጠምጥሟል። በየመሃሉ የሌላ ቀለም ቀለበት ገብቷል። ከካባዋ ውስጥ ደግሞ አንድ ነጠላ ዘንግ እንደ ቀንድ ወጥታለች፤ የምትጠራውም "ቀንድ" ተብላ ነው።

እኔ የሥራ ልማድ ሆኖብኝ የተሰፋ ነገር ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው የክሩን መጨረሻ ነው። የሰፊ ገመና ያለው እዚያ ነው። ጥሩ ኮት ገዝታችሁ ገበሩን ብትገለብጡ፣ ቋጠሮው የት እንደተደበቀ አይታችሁ ሰፊውን ታውቁታላችሁ። እዚህ ፈለግሁ። ገለበጥኩ። ብርሃን ላይ አነሳሁ። የለም። የት ጀምሮ የት እንዳለቀ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

ሌላም የሌለ ነገር አለ። ቀዳዳ! በመርፌ ዓይን ስም የወጣለት ቤት የሚሸጠው መንጠቆ ዓይን የለውም። ዘመናዊ መንጠቆ ጫፉ ላይ ክር ማስገቢያ ቀለበት አለው፤ ይህቺ ግን ጫፏ ልሙጥ ነው። ታዲያ ከአጥማጁ ክር ጋር በምን ትያያዛለች? አጭር ቀጭን ክር ከመጀመሪያው ከወገቧ ጋር አብሮ ይታሰራል። ላባውን የያዘው ጥምጥም ክሩንም ይይዛል። ጥምጥሙ ከላላ ካባው፣ ወገቡም፣ አሳውም አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ይህን ሳውቅ ለክሩ ያለኝ አክብሮት ጨመረ። እኔ ስፌት ስሰፋ ጨርቁ ይረዳኛል፤ ክሩ ይወጋል፣ ይወጣል፣ ጨርቁ ነክሶ ይይዝልኛል። እዚህ የሚነክስ ነገር የለም። ልሙጥ ብረት፣ ልሙጥ ላባ። የሚይዘው የእጅ ውጥረት ብቻ ነው።

ሁለት ገዛሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ስለ ሳሙራዮቹ ትንሽ ልበል፤ እዚህ ከተማ የኬባሪ ወሬ ያለ እነሱ አያልቅም። ካጋ ሀብታም ግዛት ነበር። ኤዶ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ፣ ያለው መንግሥት ደግሞ ሀብታም ግዛትን በጥርጣሬ ነው የሚያየው። ወታደር ሰብስበህ ሰይፍ ብታለማምድ "ምን አስበሃል?" ትባላለህ። ስለዚህ የካጋ ገዢዎች ሳሙራዮቻቸውን ወንዝ ሰደዷቸው ይባላል። አዩ የተባለውን አሳ እያጠመዱ፣ ፈጣን ውሃ ውስጥ በባዶ እግር ድንጋይ ላይ እየቆሙ፣ እግርና ወገባቸውን እንዲያጠነክሩ። ተራው ሕዝብ ወደዚህ ማጥመድ በሰፊው የገባው የሳሙራይ አገዛዝ ካከተመበት ከ1868ቱ ለውጥ በኋላ ነው። እኔ ታሪኩን የወደድኩት ለሌላ ነገር ነው። ሰይፍ የለመደ እጅ ጥፍር የምታህል ላባ ይዞ ቀለም ሲያማርጥ ይታየኛል። ሳቄ ይመጣል።

ኬባሪ የካናዛዋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሂዮጎ ግዛት ውስጥ ኒሺዋኪ አካባቢ የሚሠራው የባንሹ ኬባሪም ስሙ የታወቀ ነው፤ በ1987 መንግሥት በባህላዊ የእጅ ሥራነት መዝግቦታል። ተራራ ላይ ደግሞ ተንካራ የሚባል የማጥመድ ዘዴ አለ። የእነሱ መንጠቆ ጥቂት ጥምጥም ክርና ትንሽ የዶሮ ላባ ነው፤ አለቀ። እሱም ያጠምዳል። ወርቅና ኡሩሺ የለበሰችው ግን የከተማ ልጅ ናት።

አሁን ጎረቤቴ ይምጡ።

ጎረቤቴ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ ናቸው። ሱሪያቸውን የማሳጥርላቸው እኔ ነኝ፤ በለውጡ ጃንጥላዬን የሚጠግኑልኝ እሳቸው። ሁለቱን ኬባሪ ሳሳያቸው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ዝም አሉ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው አንድ ያረጀ የቆርቆሮ ሳጥን አመጡ። ስም በስም ጠሩልኝ። "ኩራካራሱ"፣ ጨለማ ቁራ ማለት ነው። "ኦሶሜ"፣ የሴት ስም። "አኦ ራዮን"። ይህኛውን አስደገምኳቸው።

"ራዮን ያሉት አንበሳውን ነው?"

"አዎ፣ አንበሳ። ሰማያዊ አንበሳ።"

አንድ ሴንቲሜትር የማትሞላ አንበሳ! እነዚህ ስሞች ከቅርጹ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው ጠየቅኳቸው። "አሳው ስሙን አያነብም" አሉኝ። የሚመረጠው በውሃውና በሰዓቱ ነው። ደመና ሲሆን ሌላ፣ ውሃው ሲጠራ ሌላ፣ ሲመሽ ሌላ። ኬባሪ አንድን የታወቀ ዝንብ ቁርጥ አድርጎ ለመምሰል አይሠራም፤ ብልጭታዋ፣ ጥላዋ፣ የካባዋ መወዛወዝ አሳውን "ይቺ ምንድን ናት?" ካሰኘው በቂ ነው።

አዩ ደግሞ ጉደኛ አሳ ነው። ዕድሜው አንድ ዓመት ነው። መጸው ላይ ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ የብርዱን ወራት ባሕር ያሳልፋል፣ በጸደይ ሽቅብ ወንዙን ይወጣል። ትንሽ እያለ ነፍሳት ይበላል። ሲያድግ ድንጋይ ላይ የበቀለ አረንጓዴ አልጌ መጋጥ ይጀምራል። አልጌ የሚበላ አሳ ለምን ዝንብ ይነክሳል? የልጅነት አመሉ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀውም። በተለይ ወቅቱ ሲከፈት፣ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ። ኬባሪ የምትሠራው በዚህች አመል ላይ ነው።

ጁን አጋማሽ ላይ ማጥመድ ሲፈቀድ አብሬያቸው ሳይ ወንዝ ወረድኩ። የቀን ፈቃድ መግዛት ግዴታ ነው፤ ሳይገዙ ውሃ ውስጥ እግር አይነከርም። ካናዛዋ ሁለት ወንዝ አላት። ሳይን ወንድ ወንዝ፣ አሳኖን ሴት ወንዝ ይሏቸዋል። ሳይ ይጮሃል፤ ያን ቀን ማታ ደግሞ እያካፋ ነበር።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ስስቴ አሸንፎኝ ኢንተርኔት ላይ ከአንድ ሻጭ "የጃፓን ባህላዊ የእጅ ሥራ" የሚል ፓኬት አዝዤ ነበር። አሥራ ሁለት ፍሬ፣ በአንዷ ኬባሪ ዋጋ። ስሙን ለራሴ ልያዘው። ፎቶው ያማልላል። ሲመጣ በጣቴ ዳበስኩት፤ ደረቅ፣ የሚቆረቁር። ሙጫ! ላባው ተጠምጥሞ ሳይሆን ተለጥፎ ነው የቆመው። ጎረቤቴ አላሳፈሩኝም። "እንሞክራታለን" ብለው መጀመሪያ እሷን አሰሩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም። ክሩን ሲያወጡት መንጠቆው ራቁቱን ተንጠልጥሏል። ላባዋ ወደ ጃፓን ባሕር ጉዞ ጀምራለች።

ከዚያ የእኔ ተራ መጣ። የእኔ ስል የሜቦሶዋ።

አጣጣላቸውን አይቼ የጠበቅኩት ሌላ ነበር። ፊልም ላይ እንደሚታየው ክር በአየር ላይ የሚወነጨፍ መስሎኝ። ይህ ግን ሌላ ነው። ዘንጉ ከእሳቸው ቁመት ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ የክር መጠቅለያ የለውም። ክሩ ጫፍ ላይ ክብደት አለ፣ ከክብደቱ በላይ ኬባሪዋ። ውሃው ረጋ ብሎ በጠለቀበት ቦታ ቀስ ብለው ያወርዳሉ፤ ክብደቱ መሬት ሲነካ ቀስ ብለው ያነሳሉ። ያወርዳሉ፣ ያነሳሉ። በቃ። ባልዲ ከጉድጓድ እንደሚያወጣ ሰው። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ዘንጉ ጎበጠ።

በሁለት ሰዓት ውስጥ አራት አወጡ። ኬባሪዋ ናት ያመጣቻቸው ወይስ ሰዓቱ? እሳቸውም አልፈረዱም። የመጀመሪያውን አዩ አፍንጫዬ ሥር አምጥተው "አሽትቺ" አሉኝ። አሳ ይሸተኛል ብዬ ፊቴን አጨማደድኩ። ኩከምበር ሸተተኝ። ልክ አሁን የተቆረጠ ኩከምበር! በስንጥር ሰክተው፣ ጨው ነስንሰው ሲጠብሱት ቆዳው ይንጣጣል፤ አንጀቱም ሳይወጣ ነው የሚበላው፤ ትንሽ ይመራል። እኔ አንጀቱን ተውኩት። ስጋው ላይ ግን ቀልድ የለም።

እኔን የገረመኝ ሌላው ነው። ሲጨርሱ ኬባሪዋን ተቀብዬ ወደ ቤት ወሰድኳት። ጨርቅ ላይ አድርቄ አጉሊ መነጽር አወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ነበረች፤ ድንጋይ ነክታለች፣ አራት አሳ አኝኳታል። ካባዋ ላይ አንዲት ጭረት ጎድላለች። ጥምጥሙ ግን ከቦታው የጸጉር ስፋት ታህል አልተነቃነቀም። ወርቋም አለች። እኔ የሰፋሁት ዚፕ ይህን ያህል ይችላል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ርዕስ እንቀይር።

ቤቱ አሁን በብዛት የሚሸጠው ጌጥ ነው። ከዚያው ላባ፣ በዚያው አስተሳሰር የተሠራ ብሩች (ልብስ ላይ የሚሰካ ጌጥ)፣ የጆሮ ጌጥ። ያምራሉ፤ ዓይን ይይዛሉ። አጥማጅ ሲቀንስ እጁ ሥራ እንዳይፈታ ያገኙት መላ ይመስለኛል፤ ጥሩ መላ ነው። ለእናቴ አንድ ብሩች ገዛሁ። እውነቱን ካልደበቅኩ ግን፣ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ውጪ ብባል ብሩቹን አልይዝም። ብሩች ላይ ላባው ተኝቶ ይታያል። መንጠቆ ላይ ላባው ሥራ አለበት።

ራሳችሁ ብሩች የምትሠሩበት ትምህርትም አላቸው። ቀጠሮ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። እኔ "ክር ለእኔ ምኔ ነው" ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ላባዎቹ በየሳጥኑ ተለይተው ቀርበዋል፤ ምርጫው ብቻ ግማሽ ጊዜዬን በላው። ማሰር ስጀምር ጉድ ፈላ። ልማዴ ክሩን ሳብ ማድረግ ነው። ሳብ ሳደርገው ላባው ዞረ። መለስኩት። አሁን ደግሞ ሾልኮ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠች መርፌ ይዛ እንደማታውቅ የነገረችኝ ኮሌጅ ተማሪ ሁለተኛዋን ላባ እያሰረች ነበር። አስተማሪዋ ምንም አላለችኝም፤ እጇን ዘርግታ አውራ ጣቴን ትንሽ ወደ ፊት ገፋችው። ላባው ቆመ። ለካ ዋናው ሥራ ያለው ክር በያዘው እጅ አይደለም፤ ዝም ብሎ ቆንጥጦ በያዘው በሌላኛው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቀለለኝ፤ ባይቀልልኝም ፈገግ እያልኩ ሠራሁት። ብሩቼ አሁንም አለች። አንዷ ላባ ወልቃለች፤ ኮቴ ላይ ረስቻት ስላጠብኩ ነው። ጥፋቱ የራሴ።

ስለ ዋጋው። ከቶኪዮ እስከ ካናዛዋ በሽንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር፣ አንድ ጉዞ ከ14,000 የን በላይ ነው። ብሩቹን የዚያን ግማሽ ባልሞላ ገዛሁት። ኬባሪዋ ከብሩቹ በጣም ትረክሳለች፤ አንዷ ከጥሩ ምሳ አትበልጥም። ለአንድ ሴንቲሜትር ነገር ብዙ ነው የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ብዬ ነበር፤ አጉሊ መነጽሩ እስኪሰጠኝ ድረስ። አጥማጅ ላልሆነ ሰው ስጦታ ብትገዙ ግን አስጠንቅቁ፤ እውነተኛ መንጠቆ ነው፣ ጣትም ሹራብም አይምርም። ፀሐይ ላይ አታኑሯት፤ ቀለሟ ይለቃል። ብል የሚከላከል ነገር አጠገቧ አድርጉ። ላባ ለብል እንደ ሱፍ ኮት ነው። ርጥብ ሆና ሳጥን ከገባች ደግሞ ትዝጋለች።

የመጀመሪያዋ ኬባሪ ከእኔ ጋር ሆና ብሎቹን እየጠበቀች ነው። ሁለተኛዋን፣ ያቺን አራት አሳ ያመጣችውን፣ ለጎረቤቴ ሰጠኋቸው። ክረምቱን ሙሉ አጠመዱባት። ኖቬምበር ላይ ሱሪ ሊያሳጥሩ ሲመጡ በወረቀት ጠቅልለው መለሱልኝ። ካባዋ ሳስቷል፣ መንጠቆዋ ተቃንቶ ሊሰበር ደርሷል። ጥምጥሙ አሁንም እንዳለ ነው።

"ይቅርታ፣ ጨረስኳት" አሉኝ።

ጃፓን ውስጥ በዓመት አንድ ቀን የተሰበረ መርፌ የሚመሰገንበት ቀን አለ። እንደ አካባቢው ፌብሩዋሪ 8 ወይም ዲሴምበር 8 ይውላል። ዓመቱን ሙሉ ጠንካራ ጨርቅ ሲወጋ ለከረመ መርፌ ለስላሳ ነገር ይገባዋል ተብሎ ከአኩሪ አተር የሚሠራ ቶፉ ላይ ይሰካል። አሠሪዬ በየዓመቱ ዲሴምበር 8 ሱቁ ውስጥ ታደርገዋለች። ዓመቱን የሰበርናቸውን አሥር አሥራ አንድ መርፌዎች አወጣሁ፤ ያቺም የመጀመሪያዋ፣ ሜቦሶ የላከችኝ፣ ውስጧ ናት። ኬባሪዋንም ከኪሴ አወጣሁ።

"ይህቺስ ትገባለች?" አልኳት።

አሠሪዬ ወደ ብርሃን አነሳቻት። ገለበጠቻት። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አንድ ነገር ስትፈልግ ቆየች፤ ምን እንደምትፈልግ አውቄያለሁ። ከዚያ "ሃሪ አይደለች እንዴ?" አለችና ቶፉው ጥግ ላይ በቀስታ ሰካቻት። ላባዋ ብቻ ከላይ ቀረ።